ለጀማሪ ስንት ስምንተኛ? ከደሴ የተነሳው የታጣፊ ምላጭ ስፋት ክርክር

ክሩን፣ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የሄደውን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈተው ደሴ የሚኖር ወጣት ነው። በተራው ምላጭ መላጨት ሰልችቶት ወደ ድሮው ታጣፊ ምላጭ፣ ስለቱ እጀታው ውስጥ ወደሚከተተው፣ መዞር እንዳሰበ ጻፈ። ሊገዛ ሲጠይቅ ግን አንዱ ሻጭ 4/8፣ ሌላው 5/8፣ ሦስተኛው 7/8 እያለ ግራ አጋባው። ጢሙ ችፍግ ያለና ጥቅልል መሆኑን፣ አገጩ ሾጠጥ እንደሚል፣ በተላጨ ቁጥር አንገቱ ላይ ሽፍታ እንደሚወጣበት ሳይደብቅ ዘረዘረ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለጀማሪ የትኛው ስፋት ይሻላል፣ ለምንስ? ከሥር አንድ ነገር ጨመረ፤ ምላጭ በሰፋ ቁጥር ስለቱ እንደሚበረታ ከአንዱ ሻጭ ሰምቷል። ግማሹን ክር የወለደው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው።

እኔም የጻፍኩበት ክር ስለሆነ መልሶቹን እንደ አመጣጣቸው እነግራችኋለሁ፤ የምስማማበትንና የማልስማማበትንም እየጠቆምኩ እሄዳለሁ። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ አዲስ ሰው አይጠፋም፤ በተሳሳተ ምክር ፊቱን የሚተለትልም አለ።

መልስ 1 የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ሰላምታውን አሟልቶ፣ የአገሩን ደኅንነት ጠይቆ ሲያበቃ ቁጥሩን ከሥሩ አስረዳ። ቁጥሩ የኢንች ስምንተኛ ነው፤ የሚለካውም ከስለቱ አፍ እስከ ጀርባው ድረስ ነው። አንድ ስምንተኛ ኢንች 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን 4/8 ወደ 13፣ 5/8 ወደ 16፣ 6/8 19፣ 7/8 22 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 8/8 ሙሉ ኢንች ነው፣ 25.4 ሚሊ ሜትር። ርዝመቱ በአብዛኛው 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩት በስፋቱ ብቻ ነው። ጠያቂው ማንኛውንም ምላጭ ከመግዛቱ በፊት ማስመሪያ ይዞ መሐሉ ላይ እንዲለካ መከረው፤ አሮጌ ምላጭ ጫፍና ጫፉ ላይ ስፋቱ ሊለያይ ይችላልና።

መልስ 2 እና 3 አጫጭር ናቸው። አንዱ ከወልዲያ 5/8 ብሎ ምክንያት ሳይሰጥ ሄደ፤ ሌላው 6/8 ብሎ ምክንያት ሳይሰጥ ሄደ። እንዲህ ያለ መልስ ጠያቂን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ለእኔ ከክሩ ሁሉ የከበደው መልስ 4 ነው። ጸሐፊው ደሴ ውስጥ ረጅም ዘመን ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ አዛውንት ናቸው፤ ጠያቂውን ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት። ምላጭ በጉንጭ እንደማይመረጥ በመግለጽ ጀመሩ፤ ጉንጭ ላይ የትኛውም ስፋት ይሠራል። ፈተናው ያለው ከአፍንጫ ሥር ነው። የላይኛውን ከንፈር ስትላጭ ስለቱ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ አፍንጫ ይዞራል። ምላጩ 22 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ጀርባው አፍንጫውን ሲነካ ስለቱ ከንፈሩ ዘንድ ደርሷል፤ ከአፍንጫው ሥር የተጠጋጋው ፀጉር ደግሞ ከስለቱ በላይ ሳይነካ ቀርቷል። ሰውየው ያን ፀጉር አገኛለሁ ብሎ ጀርባውን ከቆዳው እያራቀ ምላጩን ያቆመዋል። ጀርባው ከቆዳው መነሳት ያለበት 30 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከዚያ አልፎ ሲቆም ምላጩ መፋቅ ይጀምራል፣ ሲብስም ይቆርጣል። እሳቸው በሱቃቸው ያዩት አብዛኛው የጀማሪ ቁስል እዚያው ቦታ ላይ እንደሆነ ጻፉ። የአገጩንም ነገር አልዘለሉትም፤ ሾጠጥ ያለ አገጭ ላይ ጠበብ ያለ ምላጭ እንደልብ እንደሚዞር፣ ሰፊው ግን ጀርባው ወዴት እንዳለ ሳይታይ እንደሚቀር አስረዱ። ማጠቃለያቸው 5/8፣ ጫፉም የዞረ እንጂ ማዕዘኑ ሹል ያልሆነ። ሹሉ ጫፍ ጆሮ ሥር ሲደርሱ ጆሮን ይጭራል።

መልስ 5 ከላሊበላ ነው፤ አዛውንቱን አክብሮ፣ በትሕትና አረማቸው። እሱ 6/8 እንደሚጠቀም፣ የአፍንጫውን ጫፍ በሌላው እጁ ጣት ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው ከሥሩ በቂ ቦታ እንደሚያገኝ ጻፈ። በዚያ ላይ 6/8 ትንሽ ስለሚከብድ እጁ ሲንቀጠቀጥ እንኳ ምላጩ ረግቶ ይሄድለታል። አዛውንቱ ቆየት ብለው በመልስ 10 ተቀበሉት፤ 6/8 ድረስ እንደሚስማሙ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ለጀማሪ እንደማይመክሩ። ሁለቱ የተነጋገሩበት መንገድ እንዲህ ያለ ክር እንዴት መሄድ እንዳለበት ያሳያል፤ አንዱ ልምዱን አመጣ፣ ሌላው ልምዱን ጨመረበት።

ከዚያ መልስ 6 መጣ። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሰፊው ይበልጥ ስለታም ነው የሚለውን ነገር ሳያብራራ መተኛት ያቃተው ይመስላል። ታጣፊ ምላጭ ሲሳል ስለቱና ጀርባው አብረው ድንጋዩ ላይ ተጋድመው ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ከስፋቱ አንጻር ነው። 16 ሚሊ ሜትር የሰፋ ምላጭ ጀርባው 4.5 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ማዕዘኑ 16 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 19 ሚሊ ሜትር የሰፋውም ጀርባው 5.4 ቢሆን ያው 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አንጥረኛ ምላጩን ሲያሰፋ ጀርባውንም ያወፍራል፤ ማዕዘኑ ሳይቀየር ይኖራል። ከስፋት ጋር የሚቀየረው ክብደቱና አረፋ የመያዝ አቅሙ ነው።

ቶርኖ ሠሪው እዚያ ላይ አላቆመም። ችፍግ ያለ ጢም ያለው ሰው ከስፋት ይልቅ የምላጩን ጎን እንዲያይ መከረ። ጎኑ በሁለቱም በኩል እስከ ስለቱ ድረስ በጥልቀት የተቦረቦረ ምላጭ ስስ ነው፤ ይለመጣል፣ ፀጉሩን ሲቆርጥ ድምፁ ይሰማል፣ ስለቱ ቆዳው ላይ ምን እየሠራ እንዳለም ለእጅ ይናገራል። እንደ ሽብልቅ ጎኑ የሞላው ደግሞ ድርቅ ያለ ነው፤ ጠንካራ ፀጉር ሲገጥመው አይንቀጠቀጥም፣ ሲደነዝዝ ግን ለመሳል ብዙ ድካም ይጠይቃል። መካከለኛው፣ በግማሽ የተቦረቦረው፣ ለጠንካራ ጢምና ለጀማሪ እጅ የሚስማማ መሆኑን ጻፈ። እኔ ይህን ምክር ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ስምንተኛ ሲከራከር የጎኑ ነገር ተረስቶ ነበር።

መልስ 7 ከባቲ ነው፤ ማንም ያላሰበውን ምክንያት ይዞ መጣ። ባቲ ሙቀት ነው፤ አረፋው ፊት ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃም እንደልብ አይፈስም። ጠባብ ምላጭ በአንድ ሁለት ጭረት በአረፋና በፀጉር ስለሚሞላ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። ሰፊው ግን ጉንጩን በሙሉ ወርዶ አረፋውን በሆዱ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ እሱ 7/8 የሚይዘው ለውበት ሳይሆን ለአንድ ስኒ ውሃ ነው። ጢሙን ሳምንት አቆይቶ የሚላጭ መሆኑንም ጨመረ፤ ረጅም ፀጉር ደግሞ ስለቱ ፊት ቶሎ ይከመራል። አዛውንቱ በዚያው በመልስ 10 መልስ ሰጡት፤ ውሃ ሲያጥር ምላጩን በእርጥብ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ ጠርጎ መቀጠል እንደሚቻል፣ ስለቱን ራሱን ግን በጨርቅ ማሸት እንደማይገባ። የባቲውን ሰው ምክንያት አከብረዋለሁ። ለሚያውቅበት ሰው ልክ ነው፤ ለጠያቂው ግን አይሆንም፣ ባቲ ያለው ሰው እጁ ለዓመታት የለመደ ነው።

መልስ 8 ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው ከየት እንደሆነ አልገለጸም። 5/8 የልጅ መጫወቻ እንደሆነ፣ ወንድ ልጅ 8/8 እንደሚይዝ፣ ክብደቱ ብቻውን ሥራውን እንደሚሠራ፣ እስካሁን የጻፉት ሁሉ ፈሪዎች እንደሆኑ ጻፈ። ከተናገረው አንድ እውነት አለ፤ ከባድ ምላጭ ጉንጭ ላይ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ መጫንም አይፈልግም። ጀማሪ ከሚሠራቸው ስህተቶች ትልቁ ደግሞ መጫን ነው። ቀሪው ግን ምክር አልነበረም።

ጠያቂው በመልስ 9 ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ የመልስ 8ን ስድብ እንዳላየ አለፈው። አዲስ ነገርም ይዞ መጣ። አያቱ በጣሊያን ጊዜ አገኘሁት ይሉት የነበረ ታጣፊ ምላጭ ከቤት ዕቃ መሐል ተገኝቶለታል። ብረቱ ላይ የሶሊንገን፣ በጀርመን ስለት የሚሠራባት ከተማ፣ ስም አለ። ሲለካው 14 ሚሊ ሜትር ሆነበት፤ ከ4/8 ይበልጣል፣ 5/8 አይሞላም። ይህ ስንት ስምንተኛ ነው ብሎ ጠየቀ።

መልሱን ያገኘው ከቶርኖ ሠሪው ነው፤ መልስ 11። ምላጩ ሲወለድ 5/8 ሳይሆን አይቀርም፤ በተሳለ ቁጥር ስለቱ ጥቂት ጥቂት እያለቀ ወርዷል። ድንጋይ ላይ ጀርባውም አብሮ ስለሚያልቅ ማዕዘኑ ብዙም አይዛባም፤ ጠንቅቆ የሚስል ሰው እጅ የቆየ ከሆነ። ጠያቂው ጀርባውን ብርሃን ላይ ይዞ እንዲያይ ነገረው። ጀርባው ላይ በድንጋይ የተለሰለሰው ጠፍጣፋ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ መልካም ነው፤ አንድ ቦታ ሰፍቶ ሌላ ቦታ የቀጠነ ከሆነ ምላጩ በእኩል አልተሳለም፣ ለጀማሪ አይሆንም። ከመሰንጠቅ ቀጥሎ የሚፈራው ደግሞ ስለቱ አጠገብ ብረቱን የበላ የዝገት ጉድጓድ መሆኑን ጨመረ፤ ጀርባው ላይ ያለ ጥቁረት ግን ምንም አያደርግም።

ስለ ሶሊንገን ስም ሁለት ሰዎች ጥቂት ተመላለሱ። አንደኛው የሶሊንገን ስም ያለበት ሁሉ ከ1938 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ነው አለ። ሌላው አረመው፤ በዚያ ዓመት የጀርመን መንግሥት ስሙን በሕግ አስጠበቀው እንጂ ከተማዋ ከዚያ በፊትም ለዘመናት ስለት ስትሠራ ስሟን ታትምበት ነበር። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም። በእንግሊዝ ሼፊልድ፣ በፈረንሳይ ቲየር ደግሞ ሌሎቹ የምላጭ ከተሞች ናቸው። ሰውየው ነገሩን ወደ ጂሌት ወሰደው፤ ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ካገኘ በኋላ የሚጣለው ምላጭ ታጣፊውን ከየቤቱ እንዴት እንዳስወጣው ረዘም አድርጎ ጻፈ። ትምህርት ነበረው፤ የጠያቂውን ጉዳይ ግን አላስኬደም።

መልስ 14 የኔ ነው። የአዛውንቱን ነገር ሰው ቤቱ ሆኖ እንዲፈትነው ፈልጌ ነበርና ካርቶን አቀረብኩ። ከጫማ ሳጥን ላይ ሦስት ቁራጭ ይቆረጣል፤ ሦስቱም 7 ሴንቲ ሜትር ይርዘሙ፣ ስፋታቸው ግን አንዱ 16፣ አንዱ 19፣ አንዱ 22 ሚሊ ሜትር ይሁን። መስታወት ፊት ቆሞ የላይኛው ከንፈር ላይ በ30 ዲግሪ ያህል ጋደም ተደርጎ ይያዝ፣ የላይኛው ጠርዝ አፍንጫውን እስኪነካ። የታችኛው ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ስለቱ የሚጀምርበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ያለ ብልሃት አይነካም። ቀጥሎ አገጩ ጉብታ ላይና መንጋጋው ከአንገት ጋር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሞከር። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ምላጭ የሚመረጠው ፊታችን ላይ ባለው በጣም ጠባብ ቦታ ነው፤ ሰፊው ቦታማ ራሱን ችሎ ይላጫል። ብዙ ሰው ግን ፎቶ ላይ የሚያምረውን ሰፊ ምላጭ ይገዛና ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ወደ ተራው ምላጭ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሁለት መላጫ ይዞ፣ አንዱንም በቅጡ ሳይለምድ ይቀራል።

መልስ 15 የአንዲት ነርስ ነው፤ የምትሠራው ደሴ ነው። ሁላችንም የዘለልነውን የአንገቱን ሽፍታ ያነሳችው እሷ ናት። ጥቅልል ፀጉር ቆዳ ውስጥ ድረስ ተጠግቶ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ይሆናል፤ ሲያድግም ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፣ እብጠቱም ከዚያ ይመጣል። ይህን የምላጭ ስፋት አያመጣውም፣ አያጠፋውምም። የሚያባብሰው ቆዳን አጥብቆ ወጥሮ መላጨት፣ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ወደ ላይ መላጨትና አንዱን ቦታ ደጋግሞ መፋቅ ነው። ጠያቂው ያበጠው እስኪድን አንገቱን እንዳይነካ፣ ሲድንም ፀጉሩ ወደሚተኛበት ብቻ እንዲላጭ፣ ጥቂት ፀጉር ቢቀር እንዲተወው መከረችው። አንገት ላይ ፀጉር በየቦታው አቅጣጫውን ስለሚቀይር አስቀድሞ በእጅ እየዳሰሰ እንዲያውቀው አሳሰበች። ታጣፊ ምላጭ በፀጉሩ አቅጣጫ ከተያዘ ሊረዳው እንደሚችል፣ ከቆዳ ጋር የተስተካከለ ልስላሴ እፈልጋለሁ ካለ ግን በየትኛውም ምላጭ ሽፍታው እንደማይለቀው በግልጽ ጻፈችለት። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ብቻ ቢነበብ ክሩ ሥራውን ሠርቷል።

ጠያቂው በመልስ 16 ካርቶኑን ሞክሮ ተመለሰ። 22ቱ ከንፈሩን ይሸፍነዋል፤ 19ኙ አፍንጫውን ሲያነሳ ያልፋል፤ 16ቱ እንዲሁ ያልፋል። ስለዚህ ወደ 5/8 እንዳዘነበለ፣ የአያቱንም ምላጭ ለቶርኖ ሠሪው ወስዶ እንደሚያሳይ ጻፈ።

እዚህ ላይ የ8/8 ሰው ተመለሰ፤ በቁጣ። ካርቶን የሚቆርጥ ሰው ምላጭ መያዝ እንደማይገባው፣ አዛውንቱም በሱቃቸው የሚጠቀሙት ግማሽ ምላጭ የሚሰካበትን መያዣ እንጂ እውነተኛ ታጣፊ ምላጭ ስላልሆነ ምክር የመስጠት መብት እንደሌላቸው ጻፈ። መልስ 17 ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ ድርብ ነው።

አዛውንቱ በመልስ 18 የመለሱት እስከዚያ ባልታየ ቃና ነው። በወጣትነታቸው የሚሠሩት በእውነተኛው ታጣፊ ምላጭ እንደነበር፣ ለሁሉም ደንበኛ በአንዱ ምላጭ እንደነበርም አልሸሸጉም። ኤችአይቪ በየቤቱ ሲገባ ያን ምላጭ አጥፈው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ፊቱ ይፈታል፣ ለሁለት ይሰበራል፣ ግማሹ ይሰካል፣ ሲያበቃ ይጣላል። ይህን መናቅ የሰው ደም መናቅ እንደሆነ ነገሩት፤ ጎረቤቶቻቸውን የቀበሩ ሰው በምላጭ ጉራ እንደማይሰሙም ጨመሩ። ሌላ ሰው ተከትሎ የ8/8 ሰው ሌላ ቦታ ሰፋፊ ምላጭ ሲሸጥ እንዳየው ጻፈ። ሰውየው አላስተባበለም፤ ከዚያ በኋላም አልታየ። ነርሷ አንድ ነገር ብቻ አከለች፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን መቆየት ስለሚችል የአያት ምላጭም ሆነ ያገለገለ የተገዛ ምላጭ ተጸድቶ ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ወንድማማቾች እንኳ አይዋዋሱት። መድረኩን የሚመራው ሰው ሁሉም በመከባበር እንዲጽፍ ለምኖ ክሩን ሳይዘጋው ቀረ። ደግ አደረገ።

ከዚያ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከመንገዱ ወጣ። ከሐይቅ የጻፈ ሰው ስለ ጭንቅላት ጠየቀ። ሐጅ ሄዶ ሲመለስ ራሱን ተላጭቶ እንደመጣና ከዚያ ወዲህ እንደወደደው ገልጾ፣ ለጭንቅላት ስንት ስምንተኛ እንደሚሻል ለማወቅ ፈለገ። ከላሊበላው ሰው መልስ አገኘ፤ ጭንቅላት ሰፊ ስለሆነ 6/8 እና 7/8 እዚያ ላይ ይመቻሉ፣ ማጅራትን ግን ራስን በመስታወት እያዩ መላጨት አስቸጋሪ ስለሆነ ሌላ ሰው ቢረዳ ይሻላል። ይህን ያነበበ ሌላ ሰው ልጅነቱን አነሳ፤ እናቶች ምላጭ በሁለት ጣት ይዘው፣ ልጁን ጉልበታቸው መሐል አስገብተው፣ ቁንጮውን ትተው ዙሪያውን እንዴት ይላጩ እንደነበር። ብዙ ሰው ወደደለት፤ እኔም አነበብኩት ደስ ብሎኝ።

አንድ አባት ግን ነገሩን ወደ ጨቅላ ወሰደው። በሰባተኛው ቀን ለሚደረገው ዐቂቃ የልጁን ፀጉር በታጣፊ ምላጭ ሊላጭ እንደሚችል ጠየቀ። ነርሷ ደነገጠች፤ መልሷ አጭርና ቆጣ ያለ ነበር። የጨቅላ ቆዳ ስስ ነው፣ አናቱም ገና አልገጠመም፣ ልጁም ድንገት ይንቀሳቀሳል፤ ገና ምላጭ እየለመደ ያለ እጅ ወደዚያ መጠጋት የለበትም። ልማዱን የለመደ ሰው፣ አዲስ ምላጭ ይዞ፣ ይሥራው። አባትየው ቅር ሳይለው ተቀበለ፣ ለሕፃኑም ዱዓ ተደረገለት። አብሽር፣ በልጅህ ዕድሜ ያድርገው እያሉ ሦስት አራት ሰዎች ተከታትለው ጻፉ።

ቶርኖ ሠሪው ነገሩን ወደ መስመሩ መለሰው። ምላጭ ብቻ የሚገዛ ሰው ጥቂት ቆይቶ እንደሚያማርር፣ ስለቱ የሚታሽበት ቆዳ ያለው ግን ለወራት ድንጋይ እንደማይፈልግ ጻፈ። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ባለበት አገር ቆዳ ማጣት አይገባም፤ ብቻ ገጹ ለስላሳ፣ ቀዳዳና ስፌት የሌለው፣ ስፋቱ ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይሁን። ቀበቶ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጠባብ ቀበቶ ላይ ግን ምላጩን እያንሸራተቱ ሰያፍ መጎተት ይጠይቃል፣ ጀማሪም ጠርዙን ይዘልለዋል። የሚታሸው ጀርባው ቀድሞ ስለቱ እየተከተለ ነው። ጫፍ ሲደርስ የሚገለበጠው በጀርባው ላይ ተንከባሎ ነው፤ በስለቱ ላይ የተገለበጠ ምላጭ ያን ቀን ይደነዝዛል፣ ቆዳውም ይቆረጣል። ከመላጨት በፊት ከ40 እስከ 60 ጊዜ ምልልስ በቂ ነው። ካበቃ በኋላ ደግሞ መታጠፊያው ምስማር አጠገብ የገባው ውሃ በቀጭን ጨርቅ ይውጣ። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ተራ የካርቦን ብረት ምላጭ ለብዙ ቀን ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ዘይት ይቀባ።

አንድ ሰው ምላጩ ሲሰፋ ቆዳውም መስፋት አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። የለበትም፤ የቆዳው ስፋት የሚገናኘው ከምላጩ ርዝመት ጋር ነው። ይህ በሁለት መስመር አለቀ።

የመጨረሻዎቹ መልሶች የተጻፉት ከመርሳ ለጻፈች ሴት ነው። ለባለቤቷ ስጦታ ልትገዛ ፈልጋለች። እሱ ሙሉ ጢም ያሳድጋል፤ የሚላጨው የጉንጩን ከላይና የአንገቱን ከታች፣ መስመሩን ለማስያዝ ብቻ ነው። ግራኝም ነው። ሻጭ 7/8 ሊሸጥላት ነበር፤ ችፍግ ላለ ጢም ነው ብሎ።

አዛውንቱ እህቴ ብለው ተቀበሏት። መስመር የሚያስይዝ ሰው ስለቱ የት ላይ እንደቆመ ማየት አለበት፤ ሰፊ ምላጭ ያንኑ መስመር ይጋርደዋል። 4/8 ወይም 5/8 ይበቃዋል፤ እጁ የለመደ ከሆነ ጫፉ ማዕዘን ያለው ቢሆን ይጠቅመዋል፣ ካልለመደ ግን የዞረው ይሁን። ግራኝነቱ እንዳያሳስባት ቶርኖ ሠሪው ጨመረ፤ የአውሮፓው ታጣፊ ምላጭ ሁለቱም ጎኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ በየትኛውም እጅ ይሠራል። ሁለት ጎኑ የሚለያየው የጃፓኑ ካሚሶሪ ነው፤ እሱን ካቀረቡላት እንዳትገዛ።

እኔም አንድ ነገር አከልኩላት። ሻጩ ምላጩ ለመላጨት ተስሎ የተዘጋጀ መሆኑን ይንገራት፤ አዲስ ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ በቅጡ አልተሳለም። ካልተሳለ ሻከር ያለው 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ ተጀምሮ በጣም ልስልሱ 8000 ወይም 12000 ላይ የሚያልቅ ሥራ ይቀረዋል፤ ስጦታ ተቀባይ ሊጀምርበት የሚገባ ሥራ አይደለም። ቶርኖ ሠሪው ወደ ኮምቦልቻ ብትልከው ስሎ እንደሚመልስላት ጻፈ። እሷም 5/8 ለመግዛት ወስና፣ ቆዳውን አብራ እንደምትገዛ አሳውቃ፣ ሁሉንም አመሰገነች።